ባና ለምን ያሞቃል? የሽመና ፊዚክስ ከመንዝ እስከ አናቶሊያ

ከቱም ወይም ከሚዛን ተፈሪ የቡና አገር ተነስቶ መንዝ ላይ ለሚያድር ተማሪ የመጀመሪያው መምህር ብርዱ ነው። የቴፒ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ የመንዝ ደጋ ደግሞ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀዘቅዝ ልዩነቱ ወደ 12 ዲግሪ ይደርሳል። የመንዝ ሰው ለዚህ ብርድ የሰጠው መልስ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባና ነው። በዚህ ጽሑፍ ባናን ከፊዚክስ አንጻር ለመመርመር እንሞክራለን።

ድርና ማግ

ሽመና የሁለት ክሮች መጠላለፍ ነው። በርዝመት የሚወጠረው ድር፣ በወርድ የሚያልፈው ማግ ይባላል። የእኛ ሸማኔ መወርወሪያውን ከዳር እስከ ዳር ስለሚያሳልፍ፣ የማጉ ቀለም ሲለወጥ ወርዱን በሙሉ የሚያቋርጥ መስመር ይወጣል። የመንዝ በግ ጠጉርም ጥቁር፣ ቡናማና ነጭ በመሆኑ ያለ ማቅለሚያ ኅብር ይሰጣል።

ዮሩክ የሚባሉት የቱርክ ዘላን አርብቶ አደሮች የሚሠሩት ኪሊም የተሰኘ ስስ ምንጣፍ ግን ሌላ ጠባይ አለው። በዚህ ምንጣፍ ማጉ ድሩን ፈጽሞ ይሸፍነዋል፤ እያንዳንዱ ማግም ዳር ሳይደርስ ከራሱ ቀለም ድንበር ላይ ይመለሳል። ሁለት ቀለማት ከድሩ ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ከተዋሰኑ በመካከላቸው ስንጥቅ ይፈጠራል፤ ስንጥቁ ሲረዝም ምንጣፉ ይዳከማል። ስለዚህ ሠሪዋ ድንበሩን በደረጃ እያሸጋገረች ታዘነብለዋለች። የኪሊም ጌጥ በሰያፍና በደረጃማ ቅርጾች የተሞላበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ባና ሙቀት ጠባቂ ነው እንጂ የሙቀት ምንጭ አይደለም። ዋናውን ሥራ የሚሠራው በተጠማዘዘው ጠጉር መካከል የታሰረው አየር ነው፤ አየር ሙቀትን በጣም በዝግታ ያስተላልፋልና።

በአንድ ሴኮንድ የሚያልፈው ሙቀት የሚገኘው የሙቀት ማስተላለፍ መጠንን በስፋትና በሙቀት ልዩነት አባዝተን ለውፍረት ስናካፍል ነው። ለጠጉር ልብስ 0.04 ዋት በሜትር በዲግሪ፣ ለስፋት 2 ካሬ ሜትር፣ ለልዩነት 20 ዲግሪ፣ ለውፍረት 1 ሴንቲ ሜትር ብንወስድ ውጤቱ 160 ዋት ይሆናል። የተኛ ሰው የሚያመነጨው ሙቀት የዚህ ግማሽ ያህል ስለሆነ ሰውየው ይበርደዋል። ባናውን አጥፎ 2 ሴንቲ ሜትር ሲያደርገው ግን ብክነቱ ወደ 80 ዋት ይወርዳል። እናቶቻችን «እጠፈውና ልበሰው» ሲሉ ይህንኑ ስሌት በእጃቸው ያውቁት ነበር።

ለተማሪዎቻችን

ኪሊምን በባሕር ማዶ ሙዚየም በመስታወት ውስጥ ባየን ጊዜ እፍረት ተሰማን፤ ባና ለብሰን አድገን አንድ ቀን እንኳ ለክተነው አናውቅምና። ዛሬ የፋብሪካ ብርድ ልብስ የባናን ቦታ እየወሰደ ነው። የትኛው እንደሚሻል በወሬ ሳይሆን በልኬት እንወቅ። ሁለት እኩል ጣሳዎችን በሙቅ ውኃ ሙሉ፤ አንዱን በባና፣ ሌላውን በፋብሪካ ብርድ ልብስ በእኩል ውፍረት ጠቅልሉ፤ በየ10 ደቂቃው ሙቀታቸውን መዝግቡ። ከዚያም ልብሶቹን አርጥባችሁ ድገሙት። የባና ሠሪው እጅ ሥራ ሳይፈታ እውቀቱን በቁጥር ማስፈር የእኛ ድርሻ ነው።