«ፅንሱ ዳውን ሲንድረም ሳይኖርበት አይቀርም» ስትባሉ

ለእርግዝና ክትትል ሄዳችሁ በአልትራሳውንድ «በፅንሱ አንገት ጀርባ ፈሳሽ በዝቷል» ብትባሉ፣ ይህ ጥርጣሬ እንጂ ውጤት አይደለም። የሚያረጋግጠው ከእንሽርት ውኃ ተወስዶ የሚደረገው የክሮሞዞም ምርመራ ነው።

ችግሩ የሚመጣው 21ኛው ክሮሞዞም በሁለት ፈንታ ሦስት ሲሆን ነው። የጅን ልክፍትም፣ እናቲቱ የበላችው ምግብም አያመጣውም። በ35 ዓመቷ ከምታረግዝ እናት ይልቅ በ40 ዓመቷ የምታረግዘው የበለጠ ያጋጥማታል። ወደ መድኃኒት ቤት መጥታችሁ የምትጠይቁን ኪኒን ግን የለም፤ ፎሊክ አሲድም የሚጠቅመው ለሌላ ነው።

ማስወረድን በተመለከተ፣ በ1990 (እ.ኤ.አ.) መካ ላይ የተሰበሰበው የፊቅህ ምክር ቤት 120 ቀን የሞላው ፅንስ ጉድለት አለበት ተብሎ እንዳይወርድ ወስኗል፤ የእናቲቱ ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በስተቀር። ስለዚህ የእርግዝናውን ቀን በትክክል አስቆጥራችሁ፣ ከጎረቤት በፊት ሐኪምንና ዓሊምን ጠይቁ።

ከእነዚህ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይወለዳሉ። ለዚህም ነው ቤት ውስጥ አትውለዱ የምንለው። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ውለዱ፤ «ልቡን እዩልን» በሉ። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ መንገዱ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ አዲስ አበባ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ባልም የመሳፈሪያውን ከወዲሁ ያስቀምጥ።