በደብዛዛ ብርሃን ፎቶግራፍ ማንሳት፦ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ወይስ ብርሃን ቶሎ የሚቀበል ካሜራ?

ከማታ ተማሪዎቻችን አንዷ እናት በስልካቸው ያነሱትን የልጃቸውን የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት አሳዩን። የተነሳው ሌሊት በፋኖስ ብርሃን ነው። ስሙ ይነበባል፤ የውጤቱ ቁጥሮች ግን ብዥ ብለዋል። ዋናው ወረቀት በመንገድ ጠፍቷል። የዛሬውን ትምህርት ያዘጋጀነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ለመሆኑ ብርሃን ሲያንስ ፎቶግራፍ ለምን ይበላሻል? ካሜራ የሚሠራው ብርሃን በማጠራቀም ነው። ቧንቧው ቀጥኖ ሲወርድ ጀሪካን ለመሙላት ብዙ እንደምንቆም ሁሉ፣ ብርሃን ሲያንስም የካሜራው መዝጊያ (ሻተር) ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ይሆናል። በዚያ ጊዜ እጃችን ከተንቀጠቀጠ ምስሉ ይደበዝዛል። በተለመደው ሌንስ ጊዜው ከ1/60 ሰከንድ ከረዘመ በእጅ ይዞ ማንሳት አስቸጋሪ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ማሰር ነው። ሁለተኛው ካሜራው ብርሃንን ቶሎ እንዲቀበል አይ ኤስ ኦ የሚባለውን ቁጥር ከፍ ማድረግ ነው። ቁጥሩ በእጥፍ ሲጨምር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ100 አንድ ሙሉ ሰከንድ የሚፈጅ ፎቶ በ800 1/8 ሰከንድ፣ በ6400 ደግሞ 1/60 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ዋጋው ግን አለ፤ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ጥቃቅን ፊደላትም ይጠፋሉ። በፊልም ዘመን የ100 ፊልም የጎረሰ ካሜራ 36ቱ ፎቶ እስኪያልቅ በዚያው ይጸና ነበር። ዲጂታል ካሜራ ግን ለእያንዳንዱ ፎቶ ቁጥሩን ይለውጣል። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ኒኮን ዲ3 እስከ 6400 ድረስ ጥሩ ፎቶ በማንሳቱ፣ የምሽት ፎቶ አንሺዎች ብዙ ጊዜ ማቆሚያቸውን ቤት ትተው እንዲወጡ አድርጓል።

ልዩነቱን በዓይናችን ያየነው በ2013 ዓ.ም. ካርቱም፣ ሱቅ ዐረቢ ነው። በዚያ ጊዜ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ነበር። አንድ የአገራችን ቤተሰብ ከመለያየቱ በፊት በጨርቅ ሱቆቹ ፊት አብሮ ለመነሳት ፈለገ፤ ፀሐይ ጠልቃ ነበር፣ በዚያ አገር ደግሞ ምሽቱ ፈጥኖ ይጨልማል። በማቆሚያ፣ በአንድ ሰከንድ አነሳናቸው። የጨርቁ አበባ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ፤ አባትየውም ደህና ናቸው። ትንሿ ልጅ ግን ጭስ መሰለች፤ ፊቷ የለም። ማቆሚያው ካሜራውን እንጂ ልጅን አያቆምም። ቀጥለን ካሜራውን በእጃችን ይዘን በ6400 አነሳን። ምስሉ ሻካራ ነው፤ የልጅቷ ሳቅ ግን ይታያል። ቤተሰቡ የመረጠው ይህንኑ ሻካራውን ነው። (በካርቱም ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ ይጠየቅ ስለ ነበር፣ ገበያ መሐል ሦስት እግር መዘርጋት ጥያቄም ይስብ ነበር።) ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ጦርነት ያ ገበያ ተቃጥሏል፣ ተዘርፏልም።

ስለዚህ ሰርግ፣ ክርስትና፣ ሕፃን ስታነሱ ቁጥሩን ከፍ አድርጉ። በስልክ ያለው የሌሊት ማንሻ ብዙ ፎቶ አከታትሎ አንስቶ አንድ ስለሚያደርግ፣ እሱም የሚጠቅመው ሰዎቹ ጸጥ ብለው ሲቆሙ ነው።

ወረቀት ግን አይንቀሳቀስም። ለሰርተፊኬት፣ ለልደት ካርድና ለአሮጌ ጉርድ ፎቶ ማቆሚያ ይሻላል። መግዛትም አያስፈልግም። ወረቀቱን ከግድግዳ ጋር አጣብቁ፤ ውሃ የሞላ ጀሪካን ላይ አሸዋ የተሞላ ካልሲ አስቀምጡና ስልኩን በእሱ ደግፋችሁ ከወረቀቱ ትይዩ አቁሙ። ቁጥሩን በ100 ወይም በ200 ያዙ። ጣታችሁ ሲጫን ስልኩን እንዳያናውጠው የ2 ወይም የ10 ሰከንድ መቁጠሪያውን ተጠቀሙ። ፍላሽ በፕላስቲክ በተለበጠ ወረቀት ላይ ስለሚያንጸባርቅ አጥፉት። እውነቱን ለመናገር፣ ካላስቸኮላችሁ እስኪነጋ ጠብቃችሁ ከደጅ በጥላ ሥር ብታነሱት ከሁሉም ይበልጣል።

ካነሳችሁ በኋላ ምስሉን አጉልታችሁ ትንንሾቹን ቁጥሮች አንብቡ። ካልተነበቡ ወረቀቱ በእጃችሁ ሳለ ደግማችሁ አንሱ፤ የደበዘዘውን ፊደል በኋላ ብርሃን በመጨመር መመለስ አይቻልም።