ዛጎል፣ ሙቀትና በውኃ ውስጥ የሚቀር ምልክት



በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለምንኖር ሰዎች ባሕር ሩቅ ነው። ይሁን እንጂ በአንዳንድ ቤት በወተት ዕቃ ላይ ተሰፍቶ የምናየው ዛጎል በባሕር ውስጥ የኖረ ቀንድ አውጣ ቤት ነበር። ብሔራዊው የዓሣና የሌሎች የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከልም የሚገኘው በዚሁ በሰበታ ስለሆነ ጉዳዩ ለልጆቻችን ባዕድ ሊሆን አይገባውም።

ዛጎል የሚሠራው ከካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የእንቁላል ቅርፊትም እንዲሁ። መምህራን ቅርፊቱን በሎሚ ጭማቂ ውስጥ ቢነክሩት አረፋ እያወጣ ሲሟሟ ልጆች ያያሉ። ባሕር እንደ ሎሚ ሆኗል ማለታችን ግን አይደለም። ሰዎች ከሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ውቅያኖስ ይቀበላል፤ ይህም ከውኃው ጋር ሲዋሐድ አሲድ ይሆናል። ፋብሪካዎች ከተስፋፉ ወዲህ የባሕር ገጽ አሲድነት 30 በመቶ ያህል ጨምሯል። ገና የተፈለፈሉት ባለ ዛጎል እንስሳት ቅርፊታቸውን ለመሥራት ብዙ ጉልበት ያጠፋሉ፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ለዕድገት የሚተርፋቸው ያንሳል።

በእኛ አገር ግን ሙቀት የሚጠቅመው ባለ ዛጎል አለ፤ እርሱም የአንጀት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው የወንዝና የሐይቅ ቀንድ አውጣ ነው። በሽታው በአዋሽ ሸለቆ በወንጂ አካባቢ ሲታወቅ ኖሯል። ሰበታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ትበልጣለች፤ ቡራዩና ሱሉልታ ከርሷም ከፍ ይላሉ። እስከ ዛሬ በብዙው የጠበቀን ብርዳችን ነው። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ይህ ወሰን ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል።

እንስሳ በኖረበት ውኃ ውስጥ ልጋጉን፣ ኩሱንና የቆዳውን ፍርፋሪ ይተዋል፤ በእነዚህም ውስጥ የዘር ምልክቱ፣ ዲ.ኤን.ኤ.፣ ይገኛል። ተመራማሪዎች ውኃውን አጣርተው እንስሳውን ሳያዩ መኖሩን ያውቃሉ። በጣም ጠቃሚ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ሙቀትና አሲድ ምልክቱን ቶሎ ያፈርሱታል፣ ወራጅ ውኃም ከላይ ያመጣዋል። ስለዚህ «ምልክቱ አልተገኘም» ማለት «ቀንድ አውጣው የለም» ማለት አይደለም፤ ተገኘ ማለትም እዚያው ቦታ ይኖራል ማለት አይደለም። ልጆቻችን የሚዋኙበት ወንዝ «ተመርምሮ ነጻ ሆነ» ሲባል፣ ውኃው በየትኛው ወር ከየትኛው መታጠፊያ ተቀዳ፣ ጠርሙሱስ በበረዶ ተይዞ ነበር ወይስ በፀሐይ ውሎ ነበር ብለን እንጠይቅ።