«ከሰላምታ ጋር» ወደ ሁለተኛው ገጽ ሲወርድ

ለአንድ ዘመዴ የጻፍኩትን የድጋፍ ደብዳቤ በፍላሽ ይዤ ወደ ሰፈራችን ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ቤት ስጽፈው በአንድ ገጽ ልክክ ብሎ ያለቀ ነበር። ልጅቷ ፋይሉን ከፈተችና ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ ሁለት ገጽ ነው እንዴ?» አለችኝ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ከላይ በቀኝ በኩል ያሰለፍኳቸው «ቁጥር» እና «ቀን» አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሆነዋል። «ከሰላምታ ጋር» ደግሞ የፊርማውን ቦታ ይዞ ብቻውን ሁለተኛው ገጽ ላይ ተቀምጧል። ማኅተሙ ሊያርፍ የነበረው ምንም ባልተጻፈበት ወረቀት ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ገጽ የሚቀበል መዝገብ ቤት ቢጠራጠር አይፈረድበትም፤ ፊርማው የየትኛው ደብዳቤ እንደሆነ የሚናገር አንድ መስመር እንኳ አብሮት የለም።

ከደብዳቤው አንድ ቃል አልጎደለም፣ ቫይረስም አልገባበትም። የተለወጠው የከፈተው ኮምፒውተር ነው።

ብዙዎቻችን ፋይል ስንልክ ወረቀቱን እንዳለ የላክን ይመስለናል። በወርድ የተጻፈ ፋይል ግን የገጹ ፎቶ አይደለም። ውስጡ ያለው ጽሑፉና ስለ ጽሑፉ የተሰጠ ትእዛዝ ነው፤ «ይህን አንቀጽ በዚህ ፎንት፣ በ12 መጠን ጻፈው፤ ይህን አድምቀው፤ እዚህ ጋ ሠንጠረዥ አድርግ» የሚል። ማየት የሚፈልግ ሰው የአንድ ዶክኤክስ ፋይል ቅጂ ይውሰድና የስሙን መጨረሻ ወደ ዚፕ ለውጦ ይክፈተው። ጽሑፉን ለብቻ፣ የአጻጻፍ ስልቶቹን ለብቻ፣ የፎንቶቹን ዝርዝር ለብቻ ያገኛቸዋል። ዝርዝሩ ውስጥ ያለው የፎንቶቹ ስም ነው፤ ፎንቶቹ ራሳቸው አብረው አልተጓዙም። ይህ የፋይል ዓይነት ከወርድ 2007 ጋር መጥቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ ተሰጥቶታል፤ የሊብሬኦፊስ ኦዲቲ ደግሞ በ2006። ስለዚህ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ፋይል ያነባል። ገጹን የሚሠራው ግን በራሱ ስሌትና በእጁ ባለው ፎንት ነው።

አማርኛ ጸሐፊን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ፎንት ነው። እኔ ደብዳቤውን የጻፍኩት በኒያላ ነበር። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የመጣ ፊደል ነው፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ለብቻው ካልተጫነ ላይኖር ይችላል፤ ያኔ ሌላ ፎንት፣ ለምሳሌ ኢብሪማ፣ ይተካዋል። ማክ ላይ ከፋ የሚባለው አለ፤ አንድሮይድ ስልክ ላይ ኖቶ። የተጠራው ፎንት ሲጠፋ ፕሮግራሙ ሳይጠይቅ ካለው አንዱን ይተካል። የአንዱ «መ» ከሌላው «መ» ጥቂት ሰፋ ይላል፣ የመስመሩም ቁመት ከፍ ይላል። መስመር መጨረሻ ላይ የነበረው ቃል ወደ ታች ይወርዳል፣ ያ መስመር ቀጣዩን ይገፋል፤ ግፊያው ሲጠራቀም «ከሰላምታ ጋር» ላይ ይደርሳል።

ከዚህ የባሰው የድሮ ፎንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል ከማካተቱ በፊት እያንዳንዱ ፊደላችን የራሱ ቁጥር አልነበረውም። የዘመኑ የግዕዝ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የኛን ፊደል ሥለው አስቀመጡ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደልና ምልክት ነበር፤ እኛ የምናየው ደግሞ «ለ» እና «ሸ»። በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ሰነድ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የምልክት ክምር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን «ሀ» የራሱ ቁጥር አለው፣ 4608፤ «ለ» 4616፣ «ሐ» 4624። ልብ በሉ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ከነቤተሰቡ ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል። በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ ቢለወጥ መልኩ ይዛባል እንጂ ንባቡ አይጠፋም። ያረጀ ሰነድ በእጃችሁ ካለ ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ አስለውጡት። ከተለወጠ በኋላም ቁጥሮቹንና ሥርዓተ ነጥቡን በዓይናችሁ አንብቡ፤ ስሕተት የሚደበቀው እዚያ ነው። ሥርዓተ ነጥብ ካነሣን አይቀር፣ አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት መጻፍ ይቅር። ፎንት ሲቀየር ሁለቱ ይራራቃሉ፤ «።» ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው።

ወደ ደብዳቤዬ ልመለስ፤ «ቁጥር» እና «ቀን»ን የበተናቸው የራሴ እጅ ነው። ልጅቷ ኮንትሮል፣ ሺፍትና 8ን አንድ ላይ ስትጫን ከ«ቀን» በፊት የነጥብ ሰልፍ ታየ። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ የስፔስ ምት ነው። ቆጠርኩት፣ 61። ወደ ቀኝ የገፋሁት በስፔስ ነበር። የባዶ ቦታ ስፋት በፎንቱ ይወሰናል፤ በአንዱ ምት ላይ ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢለወጥ በ61 ሲባዛ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል።

መድኃኒቱ ታብ ነው። ሁለቱን መስመሮች ምረጡና ከላይ ባለው ሩለር 11 ሴንቲ ሜትር ላይ አንዴ ጠቅ አድርጉ፤ ትንሽ ምልክት ይቀመጣል። ከዚያ ከ«ቁጥር» በፊት አንድ ታብ፣ ከ«ቀን» በፊት አንድ ታብ። አሁን ፋይሉ የያዘው «ከኅዳጉ 11 ሴንቲ ሜትር ራቅ» የሚል ትእዛዝ ነው፤ ይህ ትእዛዝ በየትኛውም ፎንት አንድ ነው። ግራና ቀኝ የሚፈርሙ ሁለት ሰዎች ካሉ ደግሞ መስመሩ የማይታይ ባለ ሁለት ክፍል ሠንጠረዥ ይሻላል። አዲስ ገጽ ለመጀመርም ኢንተር መደርደር አያስፈልግም፤ ኮንትሮልና ኢንተር አንድ ላይ ሲመቱ ገጹ ይቆረጣል።

ለ«ከሰላምታ ጋር»ም ራሱን የቻለ ትእዛዝ አለ፤ ብዙ ጸሐፊዎች ሳያውቁት መቅረቱ ያሳዝነኛል። የመጨረሻውን አንቀጽ፣ ከሥሩም እስከ ፊርማው ያሉትን መስመሮች ምረጡ፤ ፓራግራፍ የሚለውን ከፍታችሁ በገጽ አቆራረጥ ክፍል «ኪፕ ዊዝ ኔክስት» ላይ ምልክት አድርጉ። አንቀጹ ከቀጣዩ እንዳይለይ ታዘዘ ማለት ነው። ደብዳቤው ወደ ሁለተኛ ገጽ ቢያልፍ እንኳ ፊርማው ጥቂት መስመር ጽሑፍ ይዞ ነው የሚወርደው። ሊብሬኦፊስም ይህን ያውቃል።

አሜሪካ ካሉ ዘመዶች ጋር ፋይል የምትለዋወጡ የወረቀቱን መጠን እዩ። እነሱ የሚጠቀሙበት ሌተር 216 በ279 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኛ ኤፎር 210 በ297። ቁመቱ 18 ሚሊ ሜትር ይለያያል፤ ሦስት መስመር ያህል መሆኑ ነው። ሰነዱ የሚታተምበትን አገር ወረቀት ከመጀመሪያው ምረጡ።

ተቀባዩ ጽሑፉን የሚያርመው ከሆነ ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ መክተት ይቻላል። በዊንዶውስ ወርድ ፋይል፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሴቭ ውስጥ «ኢምቤድ ፎንትስ ኢን ዘ ፋይል» የሚል ምርጫ አለ። የፎንቱ ፈቃድ ከከለከለ ግን አይሠራም። ስለዚህ እኔ አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት እመርጣለሁ፤ በነፃ ይገኛል፣ ተቀባዩም በደቂቃ ይጭነዋል። ከዶክኤክሱ ጋር ፒዲኤፉንም እልካለሁ፤ አራሚው መልኩ እንዴት መሆን እንደነበረበት እያየ እንዲሠራ።

ተቀባዩ የሚያነበው ወይም የሚያትመው ብቻ ከሆነ ፒዲኤፍ ይበቃዋል። ፒዲኤፍ ገጹን እንደተሠራ ይይዛል፤ ፎንቱንም አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይወስዳል። ከመላካችሁ በፊት ግን አረጋግጡ። በአዶቢ ሪደር ክፈቱት፣ ኮንትሮልና ዲ ተጫኑ፣ ፎንትስ የሚለውን እዩ። ከአማርኛው ፎንት ስም አጠገብ «ኢምቤድድ» የሚል ቃል መኖር አለበት። ከሌለ ፋይሉን እንደገና አውጡት።