ላፕቶፕ ሲገዛ፦ ርካሹ ወይስ ውዱ? ለረዥም ዘመን የሚያገለግለውን ስለ መምረጥ

በሬ ለመግዛት ወደ ገበያ የወጣ ገበሬ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ሳይገምት፣ ትከሻውን ሳይዳስስ፣ አረማመዱን ሳይመለከት ገንዘቡን አይቆጥርም። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ለመዝገቡ ላፕቶፕ በሚገዛበት ጊዜ ግን ይህ ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንዱ የማኅበር ሹም ዋጋው ዝቅ ያለውን ብቻ ይፈልጋል፤ ሌላውም ውድ የሆነ ሁሉ ይበረክታል ብሎ የሻጩን ቃል ይቀበላል። ሁለቱም የተመለከቱት ዋጋውን እንጂ ዕቃውን አይደለም።

ነገሩ ቀላል ሆኖ መታየት የለበትም። የአባላቱ ዕጣ፣ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ዕዳ፣ እያንዳንዱ ገበሬ ያስረከበው የእህል ሚዛን ሁሉ የሚጻፈው በዚያ መሣሪያ ውስጥ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ትርፍ የሚከፋፈለውም በዚሁ መዝገብ መሠረት ነው። መሣሪያው በመኸር ወራት ቢበላሽና የመዝገቡ ግልባጭ ባይኖር፣ ማን ስንት ኩንታል እንዳስገባ የሚያስረዳ ጽሑፍ ይጠፋና ጎረቤት ከጎረቤት ይካሰሳል። የመግዣው ገንዘብም ቢሆን ለማዳበሪያ ሊውል ይችል የነበረ የአባላት ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ዋጋውን ለአገልግሎቱ ዘመን ማካፈል ያሻል። ለምሳሌ ያህል፣ አንዱ ላፕቶፕ በ45,000 ብር ተገዝቶ 3 ዓመት ቢያገለግል ለአንድ ዓመት 15,000 ብር ወጣበት ማለት ነው። ሌላው በ84,000 ብር ተገዝቶ 7 ዓመት ቢያገለግል ግን ለአንድ ዓመት የሚደርሰው 12,000 ብር ብቻ ይሆናል። ከዚህም ሌላ፣ ርካሹን የገዛ ማኅበር በ4ኛው ዓመት ሁለተኛውን የሚገዛው በዚያን ጊዜ ዋጋ ነው። ላፕቶፕ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ስለ ሆነ ብር ሲረክስ እርሱ ይወደዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉ ይታወሳል። ሆኖም ይህ ስሌት የሚሠራው ውዱ በእውነት 7 ዓመት የሚቆይ ሲሆን ነው፤ መቆየት አለመቆየቱን ደግሞ ዋጋው አይናገርም።

የላፕቶፕን ዕድሜ በይበልጥ የሚወስኑት፣ ከተገዛ በኋላ ሊለወጡ የማይችሉት ክፍሎች ናቸው። ራም የሚባለው ክፍል እንደ ጸሐፊ ጠረጴዛ ነው፤ ጠረጴዛው የጠበበ እንደ ሆነ ጸሐፊው አንዱን መዝገብ አንሥቶ ሌላውን ሲያኖር ቀኑ ይመሽበታል። ከርካሾቹ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የሚይዙት 4 ጊጋባይት ራም ነው፤ ይኸውም ብዙውን ጊዜ ከዋናው ሰሌዳ ጋር የተበየደ ስለ ሆነ መጨመር አይቻልም። ማይክሮሶፍት በ2014 ዓ.ም. ያወጣው ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የመጨረሻው ዝቅተኛ መጠን ይኸው 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለው መሣሪያ ገና በተገዛበት ዕለት ከወሰኑ ጫፍ ላይ ቆሟል። ፕሮግራሞች በየዓመቱ እየከበዱ ስለሚሄዱም ወደ ኋላ የሚሸሽበት ስፍራ የለውም። ለሒሳብ፣ ለደብዳቤና ለኢንተርኔት 8 ጊጋባይት ይበቃል፤ ለ6 ወይም ለ7 ዓመት የታሰበ ከሆነ ግን 16 ጊጋባይት ያለው፣ ወይም ክፍት ማስገቢያ ኖሮት በኋላ ወደ 16 ሊያድግ የሚችል ቢሆን ይመረጣል።

ማከማቻውም እንደዚሁ ነው። በርካሾቹ ውስጥ ኢኤምኤምሲ የሚባል፣ እርሱም ከሰሌዳው ጋር የተበየደ ማከማቻ ይገኛል። 64 ጊጋባይት የሆነ እንደ ሆነ አብዛኛውን ዊንዶውስና ማሻሻያዎቹ ይይዙትና ለማኅበሩ መዝገብ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ያረጀም ጊዜ ሰሌዳው በሙሉ መለወጥ ይኖርበታል። ኤም.2 የሚባለው ኤስኤስዲ ግን በአብዛኛው በአንዲት ብሎን የሚታሰር ስለ ሆነ፣ ጠጋኝ በደቂቃዎች ፈትቶ ሰፋ ያለ ሊተካበት ይችላል።

ከዚህ የተነሣ ውዱ ሁሉ ይሻላል ማለት አይደለም። ዋጋቸው እጅግ ከፍ ካሉት ላፕቶፖች መካከል እንደ ወረቀት የሳሱ፣ ግን ራማቸውም ማከማቻቸውም የተበየደ አሉ። ለምሳሌ አፕል ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በራሱ ቺፕ የሚሠራው ማክቡክ ኤር ፈጣን ነው፣ ባትሪውም ብዙ ሰዓት ይቆያል፤ ነገር ግን በተገዛበት ቀን የያዘውን ራም እስከ መጨረሻው ይዞ ይኖራል። ለጨዋታና ለፊልም ሥራ ተብሎ ልዩ የምስል ማቀነባበሪያ የተጨመረበትም አለ፤ ይህ ኩንታል ለሚቆጥር ጸሐፊ ምንም አይፈይድለትም፣ ትርፉ ሙቀትና የባትሪ ብክነት ነው።

በሁለቱ መካከል ብዙ ሰው የማያስተውለው ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም ለመሥሪያ ቤት ተብለው የሚሠሩት ናቸው። የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቱድና የኤችፒ ኢሊትቡክ ከዚህ ወገን ሲሆኑ፣ ሠሪዎቹ የአፈታት መመሪያቸውን ለማንም ሰው ያወጣሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ ድርጅቶች ጥቂት ዓመት ከሠሩባቸው በኋላ ስለሚሸጧቸው፣ ያገለገሉት በአዲስ አበባ ሱቆችም ይገኛሉ። በተመሳሳይ ገንዘብ ከአዲስ ርካሽ ይልቅ የዚህ ዓይነት ያገለገለ ዕቃ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ይሁን እንጂ ያገለገለ ዕቃ ጥርሱ መታየት አለበት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ማቀነባበሪያዎች የሚቀበለው፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። ይህንም ከስሙ መረዳት ይቻላል፤ አይ5-8250ዩ በሚለው ከሰረዙ በኋላ ያለው 8 የ8ኛ ትውልድ መሆኑን ያሳያል፣ አይ5-7200ዩ የሚለው ግን 7ኛ ነው። ሻጩ «ኮር አይ5 ነው» ብሎ ቢያልፍ፣ ትውልዱን ካልተናገረ ምንም አልተናገረም።

ባትሪ በማናቸውም ላፕቶፕ ያልቃል። ሊቲየም አዮን የሚባለው ዓይነት 300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ከተሞላና ከፈሰሰ በኋላ፣ በተለመደው አሠራር አቅሙ ወደ 80 ከመቶ ይወርዳል። ሙቀትም ያፋጥንበታል፤ ስለዚህ እንደ መተማ ባለ ቆላ በፀሐይ መኪና ውስጥ ተትቶ የሚውል ላፕቶፕ፣ በደብረ ብርሃን ደጋ ካለው ጓደኛው ቀድሞ ባትሪው ይደክማል። ዊንዶውስ በትእዛዝ የሚያወጣው የባትሪ ዘገባ፣ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅምና አሁን የቀረውን ያሳያል። የፊተኛው 50,000፣ የአሁኑ 30,000 ሚሊዋት ሰዓት ቢሆን የቀረው 60 ከመቶ ነው፤ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከመሸጫው ሊቀነስ ይገባዋል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ከመብራት ጋር ተያይዞ ለሚውል መሣሪያ፣ በብዙዎቹ ላይ የሚገኘውን ሙሊቱን በ80 ከመቶ የሚያቆም ማስተካከያ መጠቀም ባትሪውን ያቆየዋል።

የላፕቶፕ ቻርጀር በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል መብራቱ ጥቂት ቢዋዥቅ አይጎዳም። አደጋው ጠፍቶ የነበረው መብራት በኃይል በሚመለስበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ከሶኬት መንቀል ይበጃል። የቁልፎቹ መብራት፣ የቀለሙ ውበትና የመሳሰለው ጊዜ ሊጠፋበት አይገባም። አንዳንድ ሻጭ ውዱ አማርኛ ይጽፋል ይል ይሆናል፤ የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ውስጥ የገባ ስለ ሆነ በዛሬው ጊዜ የሚሸጥ ርካሽም ውድም እኩል ይጽፋል።

ርካሹ የሚገባበትም ጊዜ አለ። ሥራው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፣ ወይም ጸሐፊው መሣሪያውን ይዞ ከቀበሌ ቀበሌ በአውቶቡስና በእግር የሚዘዋወርና የመሰበርም የመሰረቅም ሥጋት የበዛበት ከሆነ፣ ብዙ ገንዘብ በአንድ ዕቃ ላይ ማሰር ብልኅነት አይደለም። ልዩነቱን ለመግዛት ብድር የሚያስፈልግ ከሆነም የብድሩ ወለድ በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት፤ ወለዱ ተጨምሮ የውዱ የዓመት ወጪ ከርካሹ የበለጠ እንደ ሆነ ነገሩ ተገለበጠ ማለት ነው።

የተመረጠው ማናቸውም ቢሆን፣ ከመግዣው ገንዘብ ላይ ለግልባጭ የሚሆን የውጭ ዲስክ መግዣ አስቀድሞ ይነሣለት። ዲስኩም ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ሣጥን አይቀመጥ፤ አንዱ በጸሐፊው ዘንድ ቢሆን ሌላው በገንዘብ ያዡ ቤት ይሁን። በደረሰኙም ላይ የራሙ መጠን፣ የማከማቻው ዓይነት፣ የማቀነባበሪያው ሙሉ ስምና የመሣሪያው ተከታታይ ቁጥር፣ ዋስትናውም የስንት ወር እንደ ሆነ ሳይጻፍ ገንዘቡ አይከፈል።