ከቧንቧው በፊት የሚሄደው ሰው



የላክንላችሁን የሂሳብ መግለጫ ካነበቡት ወዳጆቻችን አንዳንዶቹ አንድ ጥያቄ ጽፈውልናል። ለከተማ ድሆች ንጹሕ ውኃ ለማዳረስ ከተመደበው ገንዘብ ከፊሉ «ለጉብኝት፥ ለስብሰባና ለውይይት» ወጪ ሆኗል፤ እኛ የሰጠነው ለቧንቧና ለሲሚንቶ ነው፤ ስለ ምን ለወሬ ይውላል? የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡን ከሰጡት ብዙዎቹ ከራሳቸው ጉድለት ቆርሰው የሰጡ መሆናቸውን እናውቃለን። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ገጽ መልሳችንን ዘርዘር አድርገን እንጽፋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እናስቀድም። ከዓመታት በፊት በአዲስ አበባ በአንድ የተጨናነቀ የወንዝ ዳር ሰፈር ቦኖ አሠራን። ሥራው ሲያልቅ ደስ አለን፤ ፎቶግራፍም አንሥተን በዚሁ ጋዜጣ አወጣን። 3 ወር ሳይሞላ ግን ከቦኖው የሚቀዳው ሰው ጥቂት መሆኑን ሰማን። እናቶች አሁንም ከግል ቧንቧ ባለቤቶች በእጥፍ ዋጋ በጀሪካን ይገዛሉ፤ ለልብስና ለዕቃ ማጠቢያ ደግሞ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። እኛ ምን አሰብን? ሕዝቡ ስለ ጀርም አላወቀም ብለን አሰብን። ስለዚህ ባለ ሥዕል ወረቀት አሳትመን በየግድግዳው ለጠፍን። ወረቀቱ ያማረ ነበር፤ ቀጂው ግን አልጨመረም።

በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባችን ወረቀቱን ትታ ከእናቶቹ ጋር ቡና ጠጣች። በአንድ ከሰዓት በኋላ ነገሩ ሁሉ ተገለጠላት። ቦኖው የሚከፈተው ጧት በ2 ሰዓት ነው፤ የሚዘጋውም በ10 ሰዓት። እናቶቹ ግን እንጀራ ጋጋሪዎች፥ ልብስ አጣቢዎችና የቀን ሠራተኞች ስለ ሆኑ በ12 ሰዓት ከቤት ወጥተው ማታ ይመለሳሉ። ቦታውም ከቁልቁለቱ ግርጌ ስለ ሆነ፥ 20 ሊትር ተሸክሞ ዳገቱን መውጣት ለአሮጊቶች የማይሞከር ነው። ንጹሕ ውኃ ጤና መሆኑን እነርሱ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ ልጁን በተቅማጥ የቀበረ ሰው በግድግዳ ላይ ወረቀት አያስፈልገውም። ያላወቅነው እኛ ነበርን። ሳንጠይቅ ሠራን፤ እንደ ገናም ሳንጠይቅ አስተማርን።

ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትምህርት ብለን ባልጻፍነው ነበር። ነገሩ ግን የቆየ ነው። በ1854 በኦገስት ወር መጨረሻ በለንደን ከተማ ሶሆ በሚባለው በሕዝብ በተጨናነቀ ሰፈር ኮሌራ ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሐኪሙ ጆን ስኖው በሽታው በውኃ እንደሚተላለፍ ያምን ስለ ነበር በብሮድ መንገድ የሚገኘውን የጉድጓድ ፓምፕ ጠረጠረ። ለአጥቢያው ሹማምንት አመልክቶም በሴፕቴምበር 8 ቀን የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የዚያው ሰፈር ወጣት ቄስ ሄንሪ ዋይትሄድ ነው።

ዋይትሄድ መጀመሪያ የስኖውን አሳብ አልተቀበለም። እንዲያውም ስሕተት መሆኑን ለማሳየት ብሎ ነበር ከቤት ወደ ቤት መዞር የጀመረው። በሽተኞችን ሲጠይቅ፥ ሙታንን ሲቀብር የቆየ ሰው ስለ ሆነ በሩን የማይከፍትለት አልነበረም። ወደ አንዳንዱ ቤት ደጋግሞ ሄደ፤ ማን ከየትኛው ውኃ እንደ ጠጣ፥ በየትኛው ቀን እንደ ታመመ ጠየቀ። የሰማው ነገርም አሳቡን አስለወጠው። ቆይቶም በ40 ቁጥር ቤት አንዲት ሕፃን ወረርሽኙ ከመነሣቱ ጥቂት ቀን በፊት በተቅማጥ መታመሟንና በኋላም መሞቷን በመዝገብ አገኘ። እናትየው ጨርቋን ያጠበችበትን ውኃ በቤቱ ፊት ወዳለው የቆሻሻ ጉድጓድ ትደፋው ነበር። ተቆፍሮ ሲታይ ያ ጉድጓድ ከውኃው ጉድጓድ 1 ሜትር እንኳ አይርቅም፤ ግንቡም ተፈረካክሶ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። የብሮድ መንገድ ውኃ በመልኩ የጠራ፥ በጣዕሙም የተወደደ ነበር። ሰፈሩን ለቀው ሩቅ ሄደው የሚኖሩ አንዲት መበለት ጣዕሙን ስለ ወደዱት በጠርሙስ እያስመጡ ይጠጡ ነበርና እርሳቸውም በዚያው ኮሌራ ሞቱ። እንግዲህ ሰው ውኃን በዓይኑና በምላሱ ይመዝናል፤ እኛም ዛሬ ይህንኑ እናደርጋለን። ሽታ የሌለውን የምንጭ ውኃ ንጹሕ ነው እንላለን፤ ክሎሪን የሚሸተውን የቧንቧ ውኃ መድኃኒት አለበት ብለን እንጠረጥራለን። ይህን አስተያየት የሚለውጠው የሚታመን ሰው ደጋግሞ ሲመጣ ነው። ደግሞም ሹማምንቱ ቶሎ አላመኑም፤ የመንግሥቱ የጤና ቦርድ የስኖውን ማስረጃ አልተቀበለውም ነበር። በ1866 ኮሌራ በምሥራቅ ለንደን ሲነሣ ግን ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ የሚል ማስታወቂያ በየሰፈሩ ተለጠፈ። ስኖው ይህን ሳያይ በ1858 ሞቶ ነበር።

ንግግር ከድሃው ጋር ብቻ የሚደረግ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ከባዱ ንግግር ከውኃ መሥሪያ ቤቱ ጋር የሚደረገው ነው። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ የሆነውን እንመልከት። በዚያ ከተማ በቆርቆሮና በቀርከሃ ጎጆ የሚኖሩ ሰዎች የመሬት ይዞታ ወረቀት ስለሌላቸው የውኃ ባለሥልጣኑ ቧንቧ አያስገባላቸውም ነበር። ሕጉ ባለ መሬት ላልሆነ ሰው አይፈቅድም ነበር። ከዚህ የተነሣ የሰፈሩ ጉልበተኞች ከዋናው መስመር በስውር እየጠለፉ ውኃውን ለድሆች በውድ ይሸጡላቸው ነበር። እነዚህ ሰዎች ለውኃ አይከፍሉም ይባል የነበረው በከንቱ ነው፤ እንዲያውም ከሀብታሙ አብልጠው ይከፍሉ ነበር። ክፍያው ግን ወደ መንግሥት ካዝና አይገባም ነበር።

ዱስታ ሻስትያ ኬንድራ የሚባል፥ ትርጉሙ የችግረኞች ጤና ማዕከል የሆነ የአገሬው ድርጅት ከ1988ቱ ታላቅ ጎርፍ በኋላ በእነዚህ ሰፈሮች ማከም ጀምሮ ነበር። ያከሙት ልጅ በዚያው ውኃ እንደ ገና ታምሞ ሲመለስ ባዩ ጊዜ ወደ ውኃ ባለሥልጣኑ ሄዱ። ያቀረቡት አሳብ ቀላል ነበር፦ መስመሩን በእኛ ስም አስገቡ፤ ሕዝቡ ሳይከፍል ቢቀር እኛ እንከፍላለን። በ1992 የመጀመሪያዎቹ የውኃ ነጥቦች በዚህ ዋስትና ተሠሩ። መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም፤ ጥቅማቸው የተነካባቸው ጉልበተኞች ነበሩና ከእነርሱም ጋር መነጋገር ግድ ሆነ። የዕለቱን አስተዳደር፥ ይኸውም ሂሳብ መሰብሰቡን፥ ንጽሕናውንና ተራ ማስጠበቁን የያዙት ከተጠቃሚዎቹ የተመረጡ የሴቶች ኮሚቴዎች ናቸው። ቤተሰቦቹ የግንባታውን ወጪ ጭምር ቀስ በቀስ ከፈሉ።

ባለሥልጣኑን ያሳመነው ምንድር ነው? ለሰው ልብ የሚራራ ንግግር ሊሆን ይችል ይሆናል፤ እኛ ግን የተከፈለበት ደረሰኝ ነው ብለን እናምናለን። ከወር ወር ሂሳቡ ተከፍሎ በታየ ጊዜ ድሆች አይከፍሉም የሚለው ክርክር ቆመ። በ2007 የዳካ ውኃ ባለሥልጣን የይዞታ ወረቀት የሌላቸው ነዋሪዎች በማኅበራቸው አማካይነት በራሳቸው ስም መስመር እንዲጠይቁ ተቀበለ። ከ1992 እስከ 2007 ስንት ዓመት እንደ ሆነ ቆጥሩት። ይሁን እንጂ መንግሥት ሰፈሩን ለማፍረስ በመጣ ጊዜ የውኃ ነጥቦች ከጎጆዎቹ ጋር አብረው የፈረሱበት ቦታ አለ። የውኃ መስመር ማግኘት የመኖሪያ መብት ማግኘት አይደለምና።

በካምቦዲያ በፕኖም ፔን ከተማ ደግሞ ንግግሩ የጀመረው ከውኃ መሥሪያ ቤቱ በኩል ነው። በ1993 ኢክ ሶን ቻን ኃላፊ ሆነው ሲሾሙ ከሚመረተው ውኃ 70 በመቶ ያህሉ በመፍሰስና በስርቆት ገቢ ሳያስገኝ ይጠፋ ነበር። ሠራተኞች በየቤቱ ዞረው ማን ውኃ እንዳለው፥ ማንስ እንደሌለው መዘገቡ፤ ቆጣሪ ተከለ፤ በስውር የተጠለፈ መስመር ለሚጠቁም ሽልማት ተሰጠ። ባለሥልጣንም ይክፈል ተባለ፤ አንድ ጄኔራል አልከፍልም ብለው በኃላፊው ላይ ሽጉጥ እስከ መደገን ደርሰዋል። ድሆች የማስገቢያውን ዋጋ በጥቂት በጥቂቱ እንዲከፍሉ፥ እጅግ የተቸገሩትም ከፊሉን ወይም ሁሉን እንዲማሩ ሆነ። ከ20 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚጠፋው ውኃ ከ10 በመቶ በታች ወረደ፤ ሌሊትና ቀን የማይቋረጥ ውኃም አብዛኛውን ከተማ አዳረሰ።

ወደ ቦኖአችን እንመለስ። ዛሬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ቀን ተዘግቶ ማታ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ተኩል እንደ ገና ይሠራል። ሰዓቱን የወሰኑት እናቶቹ ናቸው። ዳገቱን ግን ልናነሣው አልቻልንም፤ ለአሮጊቶቹ የጎረቤት ልጆች ይሸከሙላቸዋል። አሁን በሌላ ሰፈር ሥራ ልንጀምር ነው። በመጀመሪያዎቹ 4 ወራት አንድ ሜትር ቧንቧ እንኳ አንገዛም፤ ወጪው የሁለት ጎብኚዎች ደመወዝና የትራንስፖርት ብቻ ይሆናል። የሚቀጥለው የሂሳብ መግለጫ ሲደርሳችሁ እንዳትደነግጡ አስቀድመን ነግረናችኋል።