አንድ ጉዳት፣ ሁለት ሥርዓተ ጽሕፈት፦ አፌዝያ ያለባቸው የሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎች የንባብ ምዘና

በስትሮክ ወይም በሌላ ምክንያት የግራው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ የሚከተለው የቋንቋ መታወክ፣ ማለትም አፌዝያ፣ አብዛኛውን ጊዜ ንግግርን ብቻ ሳይሆን ንባብንም ይነካል። እንዲህ በጉዳት የሚመጣው የንባብ ችግር አሌክሲያ ይባላል። ሕመምተኛው በሁለት ቋንቋ የሚያነብ ሲሆን ባለሙያውም ቤተሰቡም አስቀድመው የሚጠይቁት «የትኛው ቋንቋ ይበልጥ ተጎዳ?» ብለው ነው። ለዚህ መልስ ከመስጠት በፊት ግን ሁለቱ ሥርዓተ ጽሕፈቶች ጉዳቱን በእኩል መጠን የሚገልጡ መሆናቸው መጣራት አለበት።

ማርሻልና ኒውኮም እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ ሕሙማን ጮክ ብለው ሲያነቡ የሚሠሯቸው ስሕተቶች ዓይነት ስለ ጉዳቱ ባሕርይ እንደሚናገር አሳይተዋል። ከዚህ ሥራ የመነጨው ማብራሪያ ለንባብ ሁለት መንገዶች እንዳሉ ይገምታል። አንደኛው የታወቀን ቃል በሙሉነቱ ለይቶ ወደ ትርጉሙና ወደ ድምፁ የሚያደርስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ፊደላትን አንድ በአንድ ወደ ድምፅ የሚለውጥ ነው። የመጀመሪያው የተጎዳበት ሰው «ሰርፌስ» የተባለው አሌክሲያ ይታይበታል፤ የእንግሊዝኛውን «ሃቭ» በመጨረሻዎቹ ሦስት ፊደላት በሚመሳሰለው በ«ሴቭ» ሥርዓት ይወስደውና «ሄቭ» ብሎ ያነበዋል። ጥልቅ አሌክሲያ ያለበት ሰው በአንጻሩ ትርጉም አልባ ቃላትን ማንበብ ይሳነዋል፤ «ዳኛ» የሚለውን አይቶ «ፍርድ ቤት» እንደማለት ያሉ የትርጉም ስሕተቶችንም ይሠራል።

ሁለቱን ቋንቋዎች አንድ ላይ መመርመር ምን እንደሚያስገኝ ራማንና ዊክስ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት የቱርክኛና የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሁኔታ ያስረዳል። ቱርክኛ ፊደሉና ድምፁ ያለ ልዩነት የሚገጣጠሙበት ቋንቋ ነው። ሕመምተኛው ትርጉም አልባ ቃላትን ማንበብ ቢችልም በእንግሊዝኛ ሰርፌስ አሌክሲያ ታየበት፤ በቱርክኛ ደግሞ ንባቡ ቃሉ በአእምሮ በሚሥለው ምስል ጉልህነት ላይ የተመሠረተ ነበር። ተመራማሪዎቹ ለሁለቱም መነሻው አንድ፣ ይኸውም የድምፅ ውክልናዎች መዳከም ነው ብለው ተከራክረዋል። ይህ ትርጓሜ ተቀባይነት ካገኘ፣ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ሁለት የተለያዩ ጉዳቶችን የግድ አያመለክቱም።

ወደ አማርኛ ስንመጣ፣ ፊደላችን እያንዳንዱን ተነባቢ ከነአናባቢው ስለሚያቀርብ ግልጽ ከሚባሉት ሥርዓቶች ተርታ ይመደባል። ሆኖም ግልጽነቱ ምሉዕ አይደለም። ሳድስ አንዳንድ ጊዜ አናባቢ ይዞ፣ አንዳንድ ጊዜ ያለ አናባቢ ይነበባል። ከዚህ ይልቅ ለምዘና ወሳኝ የሚሆነው መጥበቅና መላላት ነው። «ቡና» በሚለው ቃል «ና» ይጠብቃል፤ «ዋጋ» በሚለው «ጋ» ይላላል። በጽሑፉ ላይ ይህን የሚለይ ምልክት ስለሌለ፣ አንባቢው የሚለየው ቃሉን በማወቁ ብቻ ነው። እንግዲህ ሰርፌስ አሌክሲያ ያለበት የአማርኛ አንባቢ ስሕተት የሚጠበቀው እዚህ ላይ ነው፤ «ቡና»ን ወይም «ውሻ»ን አላልቶ፣ «ወተት»ን አጥብቆ ሊያነብ ይችላል። ይህ ከፊደሉ ባሕርይ በመነሣት የቀረበ መላ ምት ነው፤ በሕሙማን ላይ መፈተሽ ይኖርበታል። «አለ»ን የመሰለ፣ ላልቶ «ተናገረ»፣ ጠብቆ «ይገኛል» የሚል ቃል ግን ብቻውን ቢቀርብ ሁለቱም ንባቦች ትክክል ስለሚሆኑ ለዚህ ፈተና አይበጅም፤ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ብቻ ይጠቅማል።

በእንግሊዝኛ የተለመደ አንድ ሌላ ፈተናም ወደ አማርኛ በቀጥታ አይሻገርም። በእንግሊዝኛ ድምፁ ትክክል፣ አጻጻፉ ግን ስሕተት የሆነ ቃል ቀርቦ ሕመምተኛው ስሕተቱን እንዲለይ ይጠየቃል። በአማርኛ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ጎን ለጎን በሚታተሙበት ሁኔታ፣ ሁለተኛውን የተቀበለ ሰው ታሟል ማለት የአገሩን ጋዜጣ አንባቢ ሁሉ ሕመምተኛ ማድረግ ነው።

በኢትዮጵያ ነገሩ በሁለት ቋንቋ አያበቃም። ቤቱ በአፋን ኦሮሞ ተናግሮ ያደገ፣ አማርኛን በፊደል፣ አፋን ኦሮሞን በቁቤ፣ ከፍተኛ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ያነበበ ሰው በሦስት የተለያዩ ሕግጋት ያነባል። ቁቤ ፊደል የማይጽፈውን መጥበቅ ተነባቢውን በመድገም ይጽፋል፤ ስለዚህ በአማርኛ የሚታየው የጥብቀት ስሕተት በቁቤ ላይታይ ይችላል። ቁቤና እንግሊዝኛ ደግሞ የላቲንን ፊደል ቢጋሩም ሕጋቸው ይለያያል፤ «ኤክስ» የሚባለው ፊደል በቁቤ የ«ጥ»ን ድምፅ ይወክላል። እንዲህ ያለው ሰው በእንግሊዝኛ ብቻ ተፈትኖ ሲሳሳት፣ ስሕተቱ «ድሮም እንግሊዝኛው ደካማ ነበር» ተብሎ ይታለፋል። በአማርኛ ብቻ ተፈትኖ ሲያልፍ ደግሞ ንባቡ ደኅና ነው ተብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ሥራው የእንግሊዝኛ ሪፖርት ማንበብ ከሆነ ችግሩን የሚያገኘው ቢሮው ከገባ በኋላ ነው።

የአነባበብ አቅጣጫም ሊዘነጋ አይገባም። በእስራኤል የሚኖር የአማርኛና የዕብራይስጥ አንባቢ የግራ አንጎሉ የኋላ ክፍል ተጎድቶ የቀኝ የእይታ መስኩን ቢያጣ፣ በአማርኛ የሚሰወርበት ወደፊት የሚያነበው፣ በዕብራይስጥ ግን ያለፈው ጽሑፍ ነው። የአማርኛ ግስ «ሄደ»፣ «ሄደች»፣ «ሄዱ» እያለ ባለቤቱን በመጨረሻው ስለሚያሳይ፣ የቃል መጨረሻ ስሕተት ከዓይን ይሁን ከቋንቋ ሳይለይ ሊቆጠር አይገባም።

የሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎችን አፌዝያ በተመለከተ ሪቦ ቀድሞ ለተለመደው ቋንቋ፣ ፒትር እ.ኤ.አ. በ1895 ይበልጥ ለሚዘወተረው ቋንቋ ቅድሚያ ሰጥተው ነበር። ሁለቱም ክርክሮች በዋናነት ስለሚነገር ቋንቋ ናቸው። አፉን በፈታበት ቋንቋ ማንበብ ያልተማረ ሰው በሚበዛበት አገር፣ የንባብ ታሪክ ከንግግር ታሪክ ተለይቶ መጠየቅ አለበት፤ በምን ፊደል ማንበብ እንደ ጀመረ፣ ከመታመሙ በፊት በየቀኑ ምን ያነብ እንደ ነበር። ፓራዲስ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመው የሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎች የአፌዝያ ፈተና የቋንቋ ታሪክን የሚጠይቅ ክፍል ስላለው፣ እነዚህን ጥያቄዎች በእርሱ ላይ መጨመር አይከብድም።

ሌላው ነገር የምላሽ አመዘጋገብ ነው። ሕመምተኛው «ቡና»ን አላልቶ ቢያነብና ፈታኙ የሰማውን በፊደል ቢጽፍ፣ ወረቀቱ ላይ የሚገኘው «ቡና» ነው፤ ስሕተቱ በዚያው ይጠፋል፣ ነጥቡም ሙሉ ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ ንባቡ በድምፅ መቀረጽ፣ ሲገለበጥም በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ የጥብቀት ምልክት መደረግ ይኖርበታል።